ከጉድጓዳችን ገመድ እስከ መርከብ ምሰሶ

ያለፈው መስቀል እንደ ማንኛውም የጉራጌ ልጅ ሻንጣዬን ይዤ ቡታጅራ ገባሁ። ክትፎው፣ ቆጮው፣ ዘመዱ፣ ጨዋታው እንደተጠበቀው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አያቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝና ጉድጓዱ አፍ ላይ የተንጠለጠለውን ገመድ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ "እስኪ ንኪው" አለችኝ።

ነካሁት። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ገመድ ነው። ጨበጥ ሲያደርጉት ግን መሃሉ ውስጥ ምንም የሌለ ያህል ይሟሟል። ትንሽ ወደ ኋላ ጠምዘዝ አድርጌ ክሮቹን ስከፍታቸው ቡናማ ብናኝ እንደ በሶ እጄ ላይ ረገፈ።

"ባልዲ ያወጣል። ሰው ግን አያወጣም" አለች።

ሰው ማለቷ ለነገር ማሳመሪያ አልነበረም። ያ ጉድጓድ በየዓመቱ በበጋ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ደለሉ ይጠረጋል። የሚጠርገው አጎቴ ነው። የሚወርደውም በዚያው ገመድ፣ በዚያው በከራ ነው። ገመዱን በክንዴ ስለካው 36 ክንድ ወጣ፤ 18 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ አስቡት፤ አጎቴ በየዓመቱ የሚወርደው ያን ያህል ነው።

ሌላም ነገር ነበረው ገመዱ። ቃጫውን የፋቀችው አያቴ ናት፤ የገመደው ሟቹ ባሏ ነው። ከማረፉ በፊት የገመዳቸውን ጥቂት ገመዶች ጭስ እንዲጠጡ ጣሪያው ሥር ሰቅሏቸው ነበር። አንድ በአንድ አልቀው ይሄኛው የመጨረሻው ነው። እና ገመድና በከራ የመለወጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ "አዲስ አበባ ኖረሽ የለ፣ ጥሩ ዕቃ ታውቂያለሽ" ተብዬ። እውነቱን ለመናገር ስለ ገመድ የማውቀው ነገር አልነበረም። ማወቅ ስጀምር ግን ነገሩ ከጓሮአችን አውጥቶ ባሕር ላይ ጣለኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጉዞ ታሪክ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃጫው እንጀምር።

እንሰትን ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ መንገድ ላይ ያየ ሰው ሙዝ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ ዘመድ ናቸው። እንሰት በዱር በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ተመርኩዞ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቸሃ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ፣ በ1966 ባሳተመው መጽሐፉ ጉራጌን የገለጸው "የእንሰት ባህል ሕዝብ" ብሎ ነው።

ስለ እንሰት ሲወራ ሁልጊዜ ስለ ምግቡ ነው የሚወራው። ቆጮ፣ ቡላ፣ አሚቾ። ቃጫው ግን የሚገኘው በዚያው ሥራ መሃል ነው። ሴቶቹ የግንዱን ንጣፍ አንድ በአንድ ልጠው ዘንበል ባለ እንጨት ላይ ያስደግፉትና በተሳለ ቀርከሃ ይፍቁታል። ልሙ ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፤ እሱ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። እጃቸው ላይ የሚቀረው ረጅም፣ ነጣ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ጭረት ቃጫ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የቃጫ ገመድ የሆነ ቤተሰብ የበላው ምግብ ትራፊ ነው ማለት ይቻላል። የአያቴ መዳፍ የደነደነው በዚሁ ሥራ ነው፤ መፋቅ የሴት ሥራ ነው ተብሎ ወንድ አይጠጋውም።

ከዚያ መግመድ ይመጣል። አያቴ አሳየችኝ። ጥቂት ቃጫ ይዛ ጭኗ ላይ በመዳፏ ወደ ፊት አሽታ ክር አደረገችው፤ ሌላም ደገመች። ከዚያ ሁለቱን አጋጥማ በተቃራኒው አቅጣጫ ጠመዘዘቻቸው። "ለምን በተቃራኒው?" ብዬ ጠየቅኩ። "እነሱ ሊፈቱ ይታገላሉ፤ ሲታገሉ ይጠባበቃሉ" አለች። ይሄ በቃ የገመድ ሳይንስ ጠቅላላው ነው። ክሩ ወደ አንድ ጎን ሊፈታ ሲል ገመዱ ወደ ሌላ ጎን ሊፈታ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ፍላጎቶች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። በስንዝር የምትለካ ቃጫ በቃጫ ላይ ተደራርባ 18 ሜትር የምትሆነውም በዚሁ ነው፤ የሚይዛት ሙጫ የለም፣ ሰበቃ ብቻ ነው።

ረጅም ገመድ ለመግመድ ደግሞ ረጅም ቦታ ያስፈልጋል። ሟቹ አያቴ ክሮቹን የሚዘረጋው ጀፎረው ላይ ነበር አሉኝ፤ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፈው ያ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ መንገድ ላይ። ይሄን ስሰማ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። እንግሊዝ አገር ቻታም በሚባል የመርከብ ሥራ ቦታ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የተሠራ አንድ የገመድ ቤት አለ። ርዝመቱ 346 ሜትር ነው። ገመድ መታጠፍ ሳይኖርበት ተዘርግቶ መገመድ ስላለበት ሕንፃው ገመዱን አክሎ ተሠራ። ዛሬም ገመድ ይገመድበታል። የእኛ ሽማግሌ ጣሪያ አላስፈለገውም፤ ጀፎረ ነበረው።

አሁን ወደ ባሕሩ።

የዛሬ 200 ዓመት ገደማ የዓለም መርከቦች የሚንቀሳቀሱት በሸራና በገመድ ነበር። ሸራውን ወደ ምሰሶው የሚያወጣ ገመድ አለ፤ ነፋሱን እንዲይዝ ወይም እንዲለቅ የሚስበው ሌላ ገመድ አለ፤ ምሰሶው እንዳይወድቅ ከጎንና ከኋላ ወጥሮ የሚይዘውም ገመድ ነው። (የመርከቡንም የጎጆውንም ቋሚ እንጨት አማርኛ "ምሰሶ" ብሎ መጥራቱ ደስ ይለኛል፤ የጉራጌን ትልቅ ቤት መሃል ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።) በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ታሪክ ስሙ የገነነው "ቪክቶሪ" የተባለው መርከብ ብቻውን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ይዞ ነበር የሚጓዘው።

ይሄ ሁሉ ገመድ ለረጅም ዘመን ከሄምፕ ተክል ነበር የሚሠራው። ሄምፕ በባሕር ውሃ ስለሚበሰብስ በሬንጅ ይነከራል፤ ይከብዳል፣ ይቆሽሻል። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ግን ሬንጅ የማይፈልግ፣ ቀላል፣ ጨዋማ ውሃ የማይበግረው ገመድ ገበያውን ወረረ። ከፊሊፒንስ ነው የመጣው፤ በወደቡ ስም "ማኒላ" ተባለ። የተሠራበት ተክል አባካ ይባላል። አባካ ደግሞ ምን መሰላችሁ? የእንሰት የሥጋ ዘመድ ነው።

እንሰት፣ ሙዝና አባካ በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ዝምድናው ከመቅረቡ የተነሣ የአውሮፓ ሊቃውንት በ1791 ለእንሰት ሳይንሳዊ ስም ሲያወጡለት "ሙሳ ኤንሴቴ" ብለው ከሙዝና ከአባካ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ አስገብተውት ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት "ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም" የሚለው ስም የጸናው በ1947 ነው። የአባካም ጭረት የሚወጣው እንደ ቃጫችን ከግንዱ ንጣፍ ነው፤ እሱም ይላጣል፣ ይፋቃል፣ ይሰጣል። አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ከአያቴ ጎን ብትቀመጥ ቋንቋ ሳይግባቡ ሥራውን ይግባቡ ነበር።

ታዲያ ዓለም ለምን የማኒላን እንጂ የቡታጅራን ገመድ አላወቀም? እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። አባካ የሚተከለው ለጭረቱ ብሎ ነው፤ አይበላም። እንሰት ግን ለዓመታት ተጠብቆ የሚቆረጥ የቤተሰብ ጎተራ ነው። ለገመድ ብሎ እንሰቱን የሚቆርጥ ሰው የነገ ምግቡን ቆረጠ። የፊሊፒንሱ ገበሬ ደግሞ ወደቡ ደጁ ነው፤ የእኛ ቃጫ ዘቢዳር ተራራ ሥር ሆኖ ባሕሩን በስም እንጂ በዓይን አያውቀውም። ስለዚህ ቃጫ እዚሁ ቀረ፤ ቤት ማሰሪያ፣ ከብት ማሰሪያ፣ ጭነት መጫኛ፣ የጉድጓድ ገመድ ሆኖ።

ማኒላ ምን ያህል ተፈላጊ እንደነበር የታወቀው ሲጠፋ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ፊሊፒንስን ስትይዝ አሜሪካ የመርከብ ገመድ ምንጯ ደረቀ። በ1942 የአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ገበሬዎች ሄምፕ እንዲዘሩ የሚቀሰቅስ ፊልም እስከ መሥራት ደረሰ። ዛሬ አባካ ከመርከቡ ወርዶ በየቤታችሁ ገብቷል፤ የሻይ ከረጢት ወረቀት በአብዛኛው የሚሠራው ከእሱ ነው።

"እሺ፣ ጉራጌና ጀልባ ምን አገናኛቸው?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መጀመሪያ፣ ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ዝዋይ ሐይቅ ነው። በደሴቶቹ ላይ የኖሩት የዛይ ሰዎች ቋንቋ ለስልጤና ለሐረሪ ቋንቋ ቅርብ ዘመድ ነው። እነሱ ለዘመናት በጀልባ ሲመላለሱ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ሁለተኛ፣ አገራችን ራሷ በአንድ ወቅት ባሕረኛ ነበረች፤ መርከቦቿም በገመድ ነበር የሚያዙት። ተሸብበው ማለቴ አይደለም፤ ተሰፍተው ነው።

በ525 ገደማ ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሒምያር፣ ወደ ዛሬዋ የመን፣ ዘመተ። የዘመኑ የአሬታስ ገድል እንደሚለው 60 ያህል መርከቦች ከተለያዩ ወደቦች ተሰበሰቡለት፤ 10 ደግሞ ራሱ አሠራ። በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንቲን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚያ ባሕር ላይ የሚሄዱ መርከቦች እንደ ሌሎቹ እንዳልሆኑ ጽፏል። ሳንቃዎቻቸው በሚስማር አይመቱም፤ እርስ በርስ በገመድ ይታሰራሉ። በወቅቱ "ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስቡ ድንጋዮች ስላሉ ነው" የሚል ወሬ ነበር። ፕሮኮፒዮስ ወሬውን አልተቀበለውም፤ ብረት የበዛባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ላይ በሰላም ይመላለሳሉና። እንደ እሱ አባባል ምክንያቱ የብረት እጥረት ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የአክሱም ጦር ባሕር የተሻገረበትን ዓይነት መርከብ ከመስጠም የሚያድነው የአንድ ስሙ ያልታወቀ ገማጅ እጅ ነበር።

ገመዱን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ በከራው ልምጣ። ምክንያቱም ስህተት የሠራሁት እዚያ ላይ ነው።

በመስቀል ሰሞን ገበያ ወጥቼ ወፈር ያለ ሰማያዊ የላስቲክ ገመድ ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ አይበሰብስም። ይሄ ገመድ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ የተገኘው በ1954 ሲሆን፣ ስሙ ከጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ ጋር ይነሣል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ገበያ ሁሉ የቃጫን፣ የማኒላንና የሲሳልን ቦታ ወስዷል። እኔም ወሰድኩት።

አጎቴ አሮጌውን ገመድ ሊያወጣው እጁን ሲሰድ አያቴ ከኋላ ጮኸች፦ "ሳታወጣው! አዲሱን ጭራው ላይ እሰርበት!" በከራው የተንጠለጠለው ከጉድጓዱ አፍ በላይ ባለው ግንድ መሃል ነው። አሮጌው ገመድ አንዴ ከወጣ፣ አዲሱን ለማስገባት ሰው ባዶው ጉድጓድ ላይ መንጠልጠል አለበት። አዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስረው ሲስቡት ግን አሮጌው እየወጣ አዲሱን ራሱ ያስገባዋል። በኋላ ሳነብ ተገረምኩ፤ ባለ ጀልባዎች ምሰሶ ላይ ሳይወጡ ያለቀ የሸራ ገመድ የሚለውጡት ልክ እንደዚህ ነው። አያቴ ባሕር አይታ አታውቅም።

በከራውን ግን አልለወጥነውም። ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣ በቃ። ቀድሞ ይጮህ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስደውል "በከራው መጮህ ተወ" አሉኝ። ደስ አለኝ። ጥገናዬ ሠራ ብዬ!

የካቲት ላይ ለጉድጓድ ጠረጋው ስመለስ ያ ሰማያዊ ገመድ ተጎሳቁሎ አገኘሁት። ላይኛው ፊቱ ፀሐይ መትቶት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ይሄ የታወቀ የፖሊፕሮፒሊን ድካም ነው፤ ውሃ አይጎዳውም፣ ፀሐይ ግን ይጎዳዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀልጦ የደረቀ ይመስል እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነበረው። አጎቴ መሰላል አምጥቶ፣ ግንዱን በሁለት ሰው አስይዞ በከራውን አወረደው። መሽከርከሪያው ዘንጉ ላይ ዝጎ ተጣብቋል። መጮህ የተወው ስለ ተቃለለ አልነበረም፤ መዞር ስላቆመ ነው። ለአራት ወር ያህል ገመዱ በከራው ላይ አልተሽከረከረም፤ እየተጎተተ ነበር። የሰበቃው ሙቀት ፕላስቲኩን አቀለጠው፤ የገመዱ ጉተታ ደግሞ የበከራውን ቦይ በአንድ በኩል በልቶ እንደ ቢላ ስለት አወጣለት። ከምንም በላይ ያስደነገጠኝ ያ ስለት ነው። እኔ የታመመውን ትቼ ያዘነውን ነበር ያከምኩት። ገመድ የሚቆርጠው ራሱ በከራው ሆኖ፣ እኔ ገመድ እለውጣለሁ።

የበከራን ነገር ዓለም አቅልሎ አይቶት አያውቅም። አርኪሜዲስ በበከራዎች ቅንብር የተጫነ መርከብ ብቻውን ተቀምጦ እንደጎተተ ጥንታውያን ጽፈዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው። እንደ እኛ ጉድጓድ አንድ ቋሚ በከራ ብቻ ከሆነ 20 ኪሎ ውሃ ለማውጣት 20 ኪሎ ያህል መሳብ አለባችሁ፤ ትርፉ ወደ ላይ ከማንሣት ይልቅ ወደ ታች በክብደታችሁ መሳባችሁ ነው። አንድ የሚንቀሳቀስ በከራ ጨምሩበት፤ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የምትስቡት ገመድ ግን እጥፍ ይሆናል። አራት የገመድ ዘርፍ ካደረጋችሁት ደግሞ በሩብ ጉልበት ታነሣላችሁ። በነፃ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ጉልበት በገመድ ይገዛል።

በመርከብ ላይ ይሄ ስሌት የሞትና የሕይወት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በዓመት ወደ 100,000 በከራ ያስፈልገው ነበር፤ ሁሉም በእጅ የሚጠረብ። ማርክ ብሩኔል የተባለ ፈረንሳይ ተወላጅ መሐንዲስ የማሽኖቹን ንድፍ አወጣ፤ ሄንሪ ሞድስሊ ሠራቸው። ፖርትስመዝ ወደብ ላይ በተተከሉት 45 ማሽኖች 10 ያልሠለጠኑ ሠራተኞች የ110 ባለሙያዎችን ሥራ መሥራት ቻሉ፤ በ1808 በዓመት 130,000 በከራ ወጣ። የታሪክ ሰዎች ይሄን ፋብሪካ ከዘመናዊ የጅምላ ምርት ፈር ቀዳጆች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ዛሬ ስልካችሁን የሚያመርተው አሠራር ከቅድመ አያቶቹ አንዷ በከራ ናት። ደግሞ አስቡት፤ በዚያ ፋብሪካ ምክንያት 100 ጠራቢዎች ሥራ ፈቱ ማለት ነው። እንደ ሰማያዊው ገመድና እንደ ሟቹ አያቴ።

አንድ ገመድ ስንት እንደሚያወጣ ግን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ የጣና ደንገል ታሪክ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ተነሣ። ግብፅ ውስጥ ደንገል ስላጣ 12 ቶን ያህል ከጣና ሐይቅ አስመጣ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ሠሩለት። "ራ" የተባለችው ጀልባ ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ በግንቦት 25 ቀን 1969 ሸራዋን ዘርግታ ወጣች፤ 7 ሰዎች ከ7 አገር።

በጥንቱ የግብፅ ሥዕሎች ላይ የጀልባው ጭራ ወደ ላይ ቆልመም ብሎ፣ ከጫፉ ወደ ጀልባው ወለል የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። የ"ራ" ሰዎች ጌጥ መሰላቸው። ሠሪዎቹም ከጥቅሙ ይልቅ እንቅፋትነቱ ታያቸው። ስለዚህ ገመዱ ቀረ። ባሕሩ መሃል ላይ ያ ጭራ መውደቅ ጀመረ፤ ውሃ ጠጣ፣ ሰመጠ። ገመዱ ለካ ጭራውን እንደ ምንጭ ጠፍር ወጥሮ የሚይዘው ነበር። ጀልባዋ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጣ፣ ወደ ባርቤዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ሐምሌ ላይ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ሁለተኛዋን "ራ" ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሠሪዎች እጅ አሠሩ። እነሱ ደንገሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በማይቋረጥ ገመድ ጠመዘዙት። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ናት። ደንገሉ አልተጠረጠረም፤ ሸራውም። የጎደለው የአንድ ገመድ ትርጉም ነበር። በድንጋይ ተስሎ አራት ሺህ ዓመት ያህል የቆየ፣ ግን የሚያስረዳ ሰው ያልቀረለት ገመድ።

እዚህ ላይ ስደርስ አያቴን አስባለሁ። "እነሱ ሊፈቱ ይታገላሉ፤ ሲታገሉ ይጠባበቃሉ" የሚለውን በየትኛው ሥዕል ላይ እናገኘው ነበር?

ደብረ ዳሞን የሚያውቅ ይሄን ያውቃል። ወደ ገዳሙ የሚወጣው ሰው 15 ሜትር ገደማ ያለውን ገደል የሚወጣው በተጠለፈ የቆዳ ጠፍር ነው። ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገዳሙ አለ፤ ጠፍሩ ግን ያው ጠፍር ሊሆን አይችልም። እያለቀ ይለወጣል። ገዳሙን ያቆየው ገመዱ ነው ብንል ግማሽ እውነት ነው፤ ያቆየው ገመዱ ማለቁን በጊዜ አይቶ የሚለውጥ ሰው በየትውልዱ መኖሩ ነው።

ወደ የካቲት ልመለስ። ለጠረጋው ቀን የቀሩን ሁለት ቀናት ነበሩ። በዚህኛው ዙር ከገመዱ በፊት በከራ ፈለግን። አጎቴ ሰፊ ቦይ ያለው፣ ዘንጉ ኩሽኔታ የተገጠመለት ብረት በከራ አገኘ። ስፋቱን አያቴ ናት የመረጠችው፤ "ገመድ በጠባብ ጥምዝ ላይ ሲታጠፍ ወገቡ ይሰበራል" አለች። የመርከብ ሰዎችም ይሄንኑ ይላሉ፤ ለቃጫ መሰል ገመድ የበከራው ስፋት የገመዱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመከራል። ገመዱን ደግሞ ናይሎን አደረግነው፤ ውድ ነው፣ ግን ከፖሊፕሮፒሊን ይልቅ ፀሐይ ይችላል፤ ድንገት ሲጎተትም ትንሽ ይለጠጣል እንጂ አይበጠስም። ለባልዲው ሌላ፣ ለሰው ሌላ ገመድ እንዲሆን ተስማማን። የሰው ገመድ ከጠረጋ በኋላ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ይሰቀላል። የሟቹ ገመዶች በነበሩበት ጣሪያ ሥር ማለት ነው።

ጠዋት ላይ አያቴ አዲሱን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ፈተሸችው፤ 36 ክንድ ሙሉውን። በየክንዱ ቆም እያለች። ማንም አላቻኮላትም። ከዚያ አጎቴ ወገቡ ላይ አሰረ፣ ግንዱ ላይ ተቀመጠ፣ ወረደ። አራት ሆነን ያዝነው። በከራው ድምፅ አልነበረውም፤ በዚህኛው ዙር ግን ዓይኔ ከመሽከርከሪያው ላይ አልተነሣም። ይዞራል። ይዞራል። ከታች "ደረስኩ!" የሚል ድምፅ እስኪመጣ ድረስ እንዴት እንደተነፈስኩ አላስታውስም።

ሲወጣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። "ደህና ገመድ ነው" አለ፤ ሌላ አላለም።

የሟቹን ገመድ አልጣልነውም። የተበላውን ቆርጠን ከደህናው አምስት ክንድ ያህል ተረፈ፤ አሁን ጥጃ ታስሮበታል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ከአያቴ ጎን ተቀምጬ ቃጫ ጭኔ ላይ አሻለሁ። የመጀመሪያው ወዲያው ተፈታ። ሁለተኛው ጥቂት ቆየ። ሦስተኛውን በሁለት እጇ ወጥራ ሳበችው፣ ሳይበጠስ ቀረ፤ "ለዶሮ ይበቃል" አለችና ሳቀች።

ለዶሮ የሚበቃው ያ ገመድ አሁን አዲስ አበባ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ለሚቀጥለው መስቀል ለጥጃ የሚሆን እገምዳለሁ ብያለሁ። ለሰው የሚሆነውን እንድገምድ ገና ብዙ ይቀረኛል፤ እሷ ግን 80 አልፏታል። አሮጌው ሳይወጣ አዲሱን ጭራው ላይ ማሰር ማለት ለእኔ አሁን ይሄ ነው።